«ቀናት» የተባሉ ሁለት ፋይሎች

ረቡዕ፣ የካቲት 28

ሊፍቱ ዛሬም አልሠራም። አራት ፎቅ በእግር። አየር ማቀዝቀዣው እንደ አሮጌ መኪና ያጓራል፤ የሚያጠፋው ቁልፍ ጠፍቷል።

አለቃዬ ትናንት ፕሮግራማችንን ለአውቶቡስ ድርጅቱ ሰዎች አሳይቶ ተመልሷል። በሌለበት «ፈገግታ» ነው የምንለው። ሰው ሲያባርርም ፈገግ ይላል።

«እንዴት ነበር?» አልኩት።
«ወደዱት! በተለይ የቀን ስሌቱን።»

የቀን ስሌቱ የኔ ነው። «ቀናት» የሚባለው ሞጁል፣ የፕሮግራሙ አንድ ክፍል። ዛሬ ምን ቀን ነው፣ የትኛው የጉዞ ሠንጠረዥ ይሠራል፣ ሁሉም እሱ ውስጥ ነው። ስድስት ወር ለፍቼበታለሁ።

«የማን ሥራ ነው አልካቸው?»
«የቡድኑ ነዋ፣ የኔ እህት።»

«የኔ እህት» ሲለኝ የሆነ ነገር እንደተወሰደብኝ አውቃለሁ። ምን እንደሆነ ግን...

እራት ላይ ታናሽ እህቴ፣ «ቆይ፣ ቀኑን ሙሉ የምትጽፊው ምንድን ነው?» አለችኝ።
«ብዙውን አልጽፍም። ሌላ ቦታ የተጻፈውን በስሙ እየጠራሁ አስመጣለሁ።»
«ሁለት ነገር አንድ ስም ቢኖረውስ?»
«ፕሮግራሙ መጀመሪያ ያገኘውን ይዞ ፍለጋውን ያቆማል። የሚጀምረው ዋናው ፕሮግራም ካለበት ፎልደር ነው። እዚያ ካጣ ብቻ የሁላችን ፋይሎች ወደሚቀመጡበት የጋራ ላይብረሪ ይሄዳል።»
«ሰነፍ ነዋ!»
«ሰነፍ አይደለም። አይጠራጠርም።»

ዓርብ የነርስነት የመጨረሻ ፈተናዋ ነው። ወጧ እስኪቀዘቅዝ የአጥንት ስም ትቆጥራለች።

ዓርብ፣ የካቲት 30

ዛሬ ከአውቶቡሶቹ ግማሹ አልወጣም።

ፕሮግራሙ ዓርብን ቅዳሜ ብሎ ቆጠረ። ለሾፌሮቹ የቅዳሜውን ሠንጠረዥ ላከ። ግማሾቹ ዕረፍት ነው ብለው ቤታቸው ተኙ። ቢሮ ስደርስ ስልኮቹ ሁሉ ይጮኹ ነበር። ሰዎችም።

ስህተቱን አውቀዋለሁ። የወሩን የመጨረሻ ቀን የሚቀጥለው ወር አንድ ብሎ መቁጠር። ከሦስት ወር በፊት ራሴ አግኝቼ ራሴ ያስተካከልኩት ነው። ባለፈው ወር በሠላሳ ምንም አልሆነም። የተስተካከለ ነገር በራሱ ይመለሳል እንዴ?

እህቴ አምስት ቁጥር አውቶቡስን አንድ ሰዓት ሙሉ ፌርማታ ላይ ጠብቃ፣ ከዚያ ሮጣ፣ የፈተናው ክፍል በር ከተዘጋ በኋላ ደረሰች።

ብታኮርፍ ይሻለኝ ነበር። አላኮረፈችም። ጫማዋን እያወለቀች፣ «ያንቺ ፕሮግራም ነው፣ አይደል?» አለች።

ሰኞ፣ መጋቢት 3

ስብሰባ። ዋና ሥራ አስኪያጇ ራሷ መጣች። ከተቀመጠች ጀምሮ መነጽሯን አላወለቀችም።

«ቀናትን የጻፈው ማነው?»
ፈገግታ በእጁ ወደኔ አመለከተ። «እሷ ናት። ብቻዋን።»

ረቡዕ «የቡድኑ» ነበር። ዛሬ የኔ ሆነ።

ተዘጋጅቶ የቆየ ደብዳቤ ወጣ። «በግዴለሽነት ጥፋት መፈጸሜን አምኜ...» ይላል። ማንም ምን እንደተፈጠረ ሳይጠይቅ ጥፋቱ ተጽፏል።

«ፈርሚና ይለፍልሽ፣ የኔ እህት።»
«አልፈርምም።»
«ልጅነት ነው ይሄ።»
«ይሁን።»

የአንድ ሳምንት ጊዜ ሰጡኝ። የመግቢያ ካርዴን ተቀበሉኝ፣ ፕሮግራሙ የሚሠራበት ሰርቨርም ተዘጋብኝ። ስወጣ ሊፍቱ አጠገብ ያለው ሰሌዳ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ስሜ ከነአባቴ፣ «በባለሙያዋ ስህተት» ከሚለው ጋር። ሙጫው ገና አልደረቀም። ሊፍቱ ዛሬ ሠራ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 4

ቤት። ሞጁሉን በራሴ ኮምፒውተር ላይ ሃያ ጊዜ አስኬድኩት። የካቲት 30 ብዬ ጠየቅኩት፤ ዓርብ አለኝ። ሃያውንም ጊዜ ዓርብ።

«እኔ ጋ ይሠራል።» የሙያችን የቆየ ቀልድ። ጥፋተኛ ፕሮግራመር ሁሉ የሚለው። አሁን እኔ እላለሁ፣ ማን ያምነኛል?

ረቡዕ፣ መጋቢት 5

ደብዳቤው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። እስክሪብቶም አለ።

አይሆንም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 6

እህቴ ሳህን ታጥባለች፣ እኔ አደርቃለሁ። ከዓርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለደች።

«ያ ሰነፉ ሰውዬሽ እንዴት ነው?»
«የቱ ሰውዬ?»
«መጀመሪያ ያገኘውን ይዞ የሚመጣው።»

ሳህኑን እንደያዝኩ ቆምኩ።

እኔ የምሞክረው ከራሴ ፎልደር ነው። እዚያ አንድ «ቀናት» ብቻ ነው ያለው፣ የኔው። ሰርቨሩ ላይ ግን ፍለጋው ከዋናው ፎልደር ይጀምራል። እዚያ ሌላ «ቀናት» የሚባል ፋይል ቢኖርስ? ጋራው ላይብረሪ ውስጥ ያለውን የኔን ጨርሶ አያየውም። በሩ ላይ ያገኘውን ይዞ ይመለሳል።

«ምነው? ሰበርሽው እንዴ?» አለች።
«የለም። እህቴ፣ አንቺ ጎበዝ ነሽ።»
«ይሄ ለፈተና ኮሚቴው ተጽፎ ይሰጠኝ።»

ዓርብ፣ መጋቢት 7

እትዬን ከሥራ ስትወጣ ጠበቅኳት። ሰርቨሩን የምትጠብቀው እሷ ናት፤ ከሷ ሌላ አሁን ማንም የሚረዳኝ የለም። ከጎናችን ባለው ጫማ ቤት ገብተን ጫማ የምንመርጥ መሰልን።

«አንድ መስመር ብቻ፣ እትዬ። ‹ቀናትን ከየት አመጣኸው?› ብለሽ ፕሮግራሙን ጠይቂው። መንገዱን ራሱ ይናገራል። የሚለውን ላኪልኝ።»
«አልልክልሽም።»
«እትዬ...»
«ሦስት ልጆች አሉኝ፣ አንቺ! በድብቅ ከላኩልሽ ሌባ ነኝ። አንቺም ሌባ ነሽ።» አንድ ቀይ ጫማ አንስታ ተረከዙን አየች። «ሰኞ ደብዳቤውን ይዘሽ ስትመጪ በሰው ፊት ጠይቂ። እኔም በሰው ፊት እጽፋለሁ። ከተባረርኩ ሰው እያየኝ ልባረር።»

ጫማውን ገዛችው። ለምን እንደገዛችው አልገባኝም።

ሰኞ፣ መጋቢት 10

እንዳለ ልጻፈው።

«ፈረምሽ?» አለች ዋና ሥራ አስኪያጇ።
«አንድ ጥያቄ አለኝ። ለሰዎቹ አይደለም፣ ለፕሮግራሙ ነው።»

ፈገግታ ሳቀ። «ጊዜ አናባክን።» እትዬ ግን ኮምፒውተሩን ከትልቁ ስክሪን ጋር አገናኝታ ጨርሳለች። ቀዩን ጫማ አድርጋለች።

መስመሯን ጻፈች። መልሱ ወዲያው መጣ። «ቀናት» የመጣው ከጋራው ላይብረሪ አልነበረም። ከዋናው ፎልደር ነው። ፋይሉ የተፈጠረው የካቲት 27 ጠዋት፣ ለአውቶቡስ ድርጅቱ ሰዎች ከመታየቱ ሁለት ሰዓት በፊት።

«ክፈችው» አለች ሥራ አስኪያጇ።

የመጀመሪያው መስመር፦ «የጻፈው» ይላል፣ ከዚያ የፈገግታ ሙሉ ስም።

ለእንግዶቹ ከፍቶ ሊያሳያቸው ነበር። የራሱን ስም። ከዚያ ማንሳቱን ረሳው።

«ይሄ... የሙከራ ነው። ራሴ ከባዶ የጻፍኩት።»
«መስመር አርባ አንድ ላይ ያለው ቀን ምንድን ነው?» አልኩት።
«ግንቦት 19። እንዲሁ ነው... ለመሞከሪያ።»
«እህቴ የተወለደችበት ቀን ነው። አውቶቡስ ቀርቶባት ፈተና ያመለጣት ልጅ።»

ከአራት ወር በፊት «ለማየት ያህል ላኪልኝ» ያለኝ የድሮው ቅጂ ነበር፣ ስህተቱን ሳላስተካክል የላክሁለት። የኔን ስም ፍቆ የራሱን ጻፈ። ስህተቱን ግን አላየውም፣ ምክንያቱም አላነበበውም። ፈገግታው አልጠፋም። ፊቱ ላይ የተረሳ ይመስል ነበር።

ሥራ አስኪያጇ መነጽሯን አወለቀች። «ይህ ነገር እዚህ ክፍል ውስጥ ይቅር። ካርድሽ ነገ ይመለስልሻል።»

«ስሜ የተለጠፈው እዚህ ክፍል ውስጥ አይደለም» አልኩ። «ሊፍቱ ጋ ነው። እውነቱ እዚያው እስኪለጠፍ አልመጣም።»
«ሥራሽን ልታጪ ትችያለሽ።»
«አውቃለሁ።»

ሊፍቱን አልጠበቅኩም፣ በደረጃ ወረድኩ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 13

ከቢሮ የደወለ የለም። 

አንድ ነገር ሳስብ ዋልኩ። ፕሮግራም ውስጥ ስም የሚፈለገው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። መጀመሪያ እዚያው በተጠራበት ቦታ፣ ቀጥሎ በፋይሉ ውስጥ፣ በመጨረሻ ከፕሮግራም ቋንቋው ጋር አብረው በመጡት ስሞች መሃል። የትም ካጣው ቆሞ «ይህን ስም አላውቀውም» ይላል። ከጎኑ ያለውን አንስቶ «እሷ ናት» አይልም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 22

አክስቴ ደወለች። ወሬው ደርሷታል።
«አንገትሽን ደፋ ብታደርጊ ምን ነበረበት?»
«ያመኛል፣ አክስቴ።»
«ምኑ?»
«አንገቴ።»
ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደውላ ሳቀች።

ሁለት ቦታ የሥራ ማመልከቻ አስገባሁ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 26

እትዬ ፎቶ ላከች። ተለጥፏል። የኔ ስም፣ የሱም ስም፣ «ስህተቱ የሷ አልነበረም» የሚል። ማህተም አለው። የአውቶቡስ ድርጅቱ ስለ ፋይሉ በጽሑፍ ማብራሪያ ጠይቆ ነው አሉ፤ ለኔ ብለው አይደለም። ይሁን።

«ካለፈው ወረቀት በሁለት ጣት ያንሳል። ላስነሳው?» ብላ ጻፈች። ለክታዋለች!
«ይበቃል፣ እትዬ።»

ሐሙስ፣ መጋቢት 27

ተመለስኩ። ፈገግታ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛውሯል፤ አልተባረረም። መጀመሪያ ያደረግኩት ፋይሉን ከዋናው ፎልደር ማንሳት ነው። አንድ ሰከንድ አልፈጀም። ከዚያ ከሰርቨሩ ላይ፣ ከዋናው ፎልደር፣ የዓመቱን የወር መጨረሻዎች ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቅኩት። ባለፈው ጊዜ እንዲህ አልሞከርኩም። ይሄኛው የኔ ጥፋት ነው፤ ማንም አልጠየቀኝም እንጂ እፈርምበት ነበር።

እሑድ፣ መጋቢት 30

የወሩ መጨረሻ። ፈተና ያመለጣቸው ዛሬ ነው የሚፈተኑት።

«አብሬሽ ልሂድ?»
«አንቺ አውቶቡሱን ተቆጣጠሪ። ፈተናውን ለኔ ተዪው።»

ወጣች። ጠረጴዛው ላይ የአጥንት ስሞች የተጻፉበት ወረቀት ትታለች። ገለበጥኩት። ያ ደብዳቤ ነው፤ ለፊርማ የተተወው ቦታ ባዶ እንደሆነ።

አምስት ቁጥር እሑድ በየአርባ ደቂቃው ነው። መስኮቱ ጋ ቆሜ ሰዓት አየሁ። አምስት ደቂቃ ቀረው። ሁለት... ሞክሬዋለሁ እኮ። ምን ያስፈራኛል?

ስልኬ ጮኸ። እህቴ ናት።

«መጣ።»