ሱሪው ልኬ ነው

ጥቅምት 12
የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ ዋልኩ። ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ሆኖ፣ "ማሽንሽን ዘይት አጠጪው፣ ከኔ ሆድ ብሶ ይንጫጫል" ይለኛል። የፀጉር አስተካካይ ምላስ መች ያርፋል… ቀጭን አንጀቱ ተጠምዝዞ ደም አጥቶ፣ አብዛኛውን ቆርጠው አወጡት። ምላሱ ግን እንዳለ ነው፣ ተመስገን።

ሐኪሙ፣ "የቀረው ይለምዳል። ይሰፋል፣ ይወፍራል፣ የሄደውን ሥራ ይተካል። ምግብ ካላገኘ ግን አይለምድም፤ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይብላ" ብሏል። እስከዚያ ሆስፒታል እየተመላለሰ በደም ሥሩ በቱቦ ምግብ ይሰጡታል። ከዚያ ቱቦ ይላቀቅልኝ ይሆን? ሌላ ምኞት የለኝም።

ጥቅምት 25
የበላው ሁሉ ሮጦ ይወጣል። ጠማኝ ሲለኝ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ሰጠሁት… ባሰበት። ነርሷ ተቆጣች። ባዶ ውሃ ጭራሽ ያጥበዋል አለች፤ ጨውና ስኳር በልክ የተበጠበጠበትን ፉት እያለ ይጠጣ። እኔ ምን ላውቅ?

ኅዳር 6
ሱሪው ወገቡ ላይ ዞረ። መስታወት ፊት ቆሞ፣ "አለቅኩ አይደል?" አለኝ። አንጀቴን በላው። ጋደም ሲል ሱሪውን ደብቄ ከወገቡ አጠበብኩለት። ጠዋት አጠለቀና፣ "እዪ፣ ልኬ ነው" ብሎ ቁርስ ደገመ። ምን አለበት?

ኅዳር 28
ደግሜ አጠበብኩ። ደግ ያደረግኩ መስሎኝ…

ታኅሣሥ 9
ጉድ ሆንኩ። የክፍሉ ሚዛን ከተበላሸ ሰንብቷል። ነርሷ፣ "ከስተሃል እንዴ?" ስትለው፣ "ኧረ ሱሪዬ ልኬ ነው" ይላታል። በደም ሥሩ የሚሰጡትን ሊቀንሱለት ተነሱ። "እኔ ነኝ ያጠበብኩት" አልኩ።  ሐኪሙ የሱሪውን ወገብ ገልብጦ ስፌቱን አየ። ከሌላ ክፍል ሚዛን አስመጣ… በጣም ወርዷል። እንኳን ሊቀንሱ ጨመሩለት።

መንገድ ላይ አላናገረኝም። ቤት ስንገባ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ልታስጨርሺኝ ነበር" አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ "ስፌቱ ግን አያስታውቅም።" አለቀስኩ። ያጠበብኩትን ሁሉ ፈታሁ፣ ቀበቶ ገዛሁለት። ሁለተኛ ሱሪው ላይ መርፌ ላላነሳ ማልኩ።

የካቲት 17
ቀበቶው እዚያው ቀዳዳ ላይ ነው። አልወረደም። ይሄም ትልቅ ነገር ነው።

ግንቦት 3
ምሳ በልቶ ሽንት ቤት ሳይሮጥ ዋለ። ሐኪሙ፣ "አንጀቱ ሥራ ይዟል" አለ፤ ቱቦውን በሳምንት አንዴ አደረጉለት። ከሰዓት ከሰዓት ፀጉር ቤቱን መክፈት ጀምሯል። የተጠራቀመ ወሬ አለበት፣ ደንበኞቹን እግዜር ይሁናቸው።

ነሐሴ 2
ቱቦውን ለሙከራ አቆሙለት። ክብደቱ ከወረደ ይመለሳል። ስጋት አላስተኛ አለኝ። እሱ ያንኮራፋል።

ነሐሴ 26
ነገ ሚዛን ላይ ይወጣል። ዛሬ ጠዋት ሱሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ማሽኔ ድረስ መጣ። ቁልፉ አልደርስ ብሎታል።

"አንቺ ሴትዮ፣ ደግሞ ነካሽው?"

"እናቴ ትሙት፣ አልነካሁም።"

አላመነኝም። አውልቆ ገለበጠው፣ መነጽሩን አድርጎ ስፌት ፈለገ። ዙሪያውን አየ። የኔ ክር የለም። በውስጥ ሱሪው እንደቆመ ሆዱን ዳበሰ…

"በይ" አለኝ ሱሪውን እየዘረጋልኝ፣ "ፈቅጄልሻለሁ፣ አስፊው።"

ማሽኑን ዘይት አጠጥቼ ተቀመጥኩ።