ያላለቀው የእናታችን ምርቃት

ለውድ ወንድሜ ለሊባን፣

አካም ጅርታ? ናጋ? ጤናህስ? ናይሮቢ እንዴት ይዛሃለች? ሱቁስ? ባለቤትህ ፈርሃና፣ ልጃችሁ ኢያድ ደህና ናቸው? እኛ ለአላህ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። እናታችን ደህና አይደለችም። በስልክ ያልነገርኩህ ከጎኔ ሆና ስለምትሰማ ነው። ወረቀቱን ሹፌሩ ራሺድ በሞያሌ በኩል ያደርስልሃል።

ያ አንተም የምታውቀው ሳሏ ሲብስባት የወተት ዕቃ ማጠኑን እንድትተው ለመንናት። በወይራ ጭስ ካልታጠነ ጮጮ የተቀዳ ወተት ወተት አይመስላትም፣ ደንበኞቿም አይገዙትም። ዕድሜዋን ሙሉ በዚያች ጠባብ ጓዳ በር ዘግታ ስታጥን ኖራለች። በስንት ልመና ፍሙን ለእኔ ተወችልኝ፤ እኔም ደጅ አውጥቼ አጥን ጀመር።

አምና የሳንባ ጥናት የሚያደርጉ ሰዎች ከተማችን መጡ። ዕድሜዋን፣ ቁመቷንና ዘሯን ጠይቀው ማሽኑ ላይ ሞሉና በቱቦ አስነፏት። መርማሪውም ለእሷ ዓይነት ሰው ትንፋሿ ደህና እንደሆነ ነገራት። ደስታዋን ብታይ! ሳንባዬ ተመርምሮ ጤነኛ ተባለ እያለች ለወተት ተራ ሁሉ አወራች። በማግስቱ ፍሙን ከእጄ ተቀብላ ጓዳዋን ዘጋች። እኔም አልከለከልኳትም፤ ደስ የሚል ወሬ ማን ይጠላል?

ከመስከረም ወዲህ ግን ጋደም ማለት አልቻለችም፤ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ታነጋለች። ሐዋሳ ወሰድናት። ዶክተር ወልደገብርኤል የሚባል ሐኪም እንደገና አስነፋትና ነገሩን አስረዳኝ። በድሮ ስሌት የጥቁር ሰው ሳንባ ከፈረንጅ ያነሰ ነው ተብሎ ስለተያዘ፣ ማሽኑ ዘሯ ሲሞላለት የጎደላትን ትንፋሽ በተፈጥሮዋ የሌላት አድርጎ ቆጥሮታል። አምና ታውቆ ከጭስ ብትርቅ ኖሮ ይረዳት ነበር አለኝ፤ አሁን ግን ሳንባዋ አልቋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ሊባን፣ ያ የተለካው የጥቁር ሰው ሳንባ በጭስ፣ በአቧራና በረሃብ ያነሰ እንደሆነስ ማን ጠየቀ? ሲያንስ አዩና ተፈጥሯቸው ነው አሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ማሽንም ለካ እንደዚያው ነው። ማንን እከሳለሁ? አምና የመረመራት ልጅ እንደሆነ ማሽኑ ያለውን ነው ያነበበው። እሷም እስከ ዛሬ ያንን ልጅ ትመርቀዋለች፤ እውነቱን ለመንገር አቅም አጣሁ።

ምርቃቷን ታውቀዋለህ። ከዝናቡ ጀምራ፣ ከብቱን፣ ጎረቤቱን አዳርሳ፣ በመጨረሻ አንተን ጠርታ እንትፍ እስክትል አንድም ጊዜ አታርፍም ነበር። አሁን ማለዳ ማለዳ ትጀምረውና ስምህ ላይ ስትደርስ ትንፋሿ ይቆረጣል። እኛም ያላለቀ መሆኑ እንዳይሰማት ቶሎ ብለን አሚን እንላለን።

እንዳልነግርህ አስምላኛለች፤ ሥራውን ጥሎ ይመጣል ብላ። መሐላዬን አፍርሻለሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ባለቤቴ ዩኑስ ሰላም ብሎሃል። አጎታችን ዳዳቻ ናጋ ይልሃል፤ እሱ እንኳ ቀልዱን ትቷል። ልጄ ሃያት የኢያድን ጉንጭ ሳምልኝ ብላለች። እናታችንም ሰላም ትልሃለች። ምርቃቷ እስከ ስምህ ድረስ ደርሷል፤ ከስምህ በኋላ ያለውን እሷ ሳለች መጥተህ ተቀበል።

እህትህ ዱረቲ
ነገሌ ቦረና፣ ጥር 12 ቀን 2010 ዓ.ም.