እማማ ተዋበችና እኔ፣ በአንድ ካምፐር

ሰኞ፣ ኦክቶ. 6፣ ጠዋት

ተነቃብን። የመጋዘኑ ዘበኛ መስኮቱን በባትሪው ቆረቆረ። ሳንሆዜ፣ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ያለችው መንገድ። ጥሩ መንገድ ነበረች፤ ውሻ የሚያንሸራሽር የለ፣ በመጋረጃ የሚያጮልቅ ጎረቤት የለ። አሁን ተበላሸች። ሶሪ ሶሪ ብዬ ሞተር አስነሣሁ። ስታጠፍ የትናንቱ ሽሮ ከነድስቱ ተንሸራቶ እማማ ተ. እግር ላይ ተደፋ። ቀዝቃዛ ነው፣ አልተቃጠለችም። ሳቄ መጣ። እሷ ጮክ ብላ መጸለይ ጀመረች። ጸሎቱ ውስጥ እኔም አለሁበት፣ በስሜ ሳይሆን «ጠላት» ተብዬ።

አንቺ ደብተር፣ በአፌ አንቱ ነው የምላት። እዚህ ግን «እሷ» ናት። ይቺን ያህል ነፃነት ይኑረኝ።

አማቴ ናት፣ የደረጀ እናት። ደረጀ ባለፈው ማርች ዳላስ ሥራ አገኘሁ፣ ስደላደል እወስዳችኋለሁ ብሎ ሄደ። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደውል ነበር። ከዚያ አልፎ አልፎ። ከዚያ ስልኩ ተቀየረ። የኦክላንዱ አፓርትመንት ሬንት ሲጨምር ለብቻዬ አልቻልኩትም። ፍሩትቬል ሰፈር ካንድ ሽማግሌ ሜክሲካዊ ይቺን ካምፐር፣ የሚታደርባትን መኪና፣ ገዛሁ። ባሌ ሄደ፣ እናቱን አስቀረልኝ። ሌላ ሴት ቢሆን ቲቪ ያስቀርላት ነበር።

ረቡዕ፣ ኦክቶ. 8፣ ከሥራ በኋላ

የሥራ ባልደረባዬ ፊሊፒናዊቷ ለምን ካምፕ ግራውንድ አትገቡም አለችኝ። ውሃ አለ፣ ሻወር አለ፣ ቆሻሻ መድፊያ አለ። እሷ ብቻ ናት የምታውቀው፤ ጠዋት ጠዋት ሥራ ቦታ ሻወር ስወስድ ይዛኛለች።

ሞክረነዋል። ኦገስት ላይ፣ ኮረብታው ላይ ያለው። በሩ የሚከፈተው ሺፍቴ ከጀመረ በኋላ ነው። ሁለት ሳምንት ሲሞላሽ ውጪ ይሉሻል። አድራሻ ጻፊ ይላሉ። ይሄ ሁሉ ግን አይደለም ያስጠላኝ። ጎረቤቶቹ ናቸው። ጡረተኞች፣ ቁምጣ የለበሱ፣ ሥጋ እየጠበሱ። አንዷ ፈገግ ብላ ቫኬሽን ላይ ናችሁ? አለችኝ። እማማ ተ. እንግሊዝኛ አይገባትም፣ ይቺን ግን ከየት እንደሰማቻት፣ «የስ» አለች። አንገቷን ቀና አድርጋ። ሦስት ቀን ሙሉ ለዕረፍት የመጣች እመቤት ሆነች። ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሻይ አምጪ ትለኛለች።

ጠቅልዬ ወጣሁ። ካምፕ የሚገባው ሌላ ቤት ያለው ሰው ነው። እኛ መንገድ ይበቃናል። ደንቤ ይሄ ነው፦ ባንድ መንገድ ሁለት ቀን አይታደርም። መጋረጃ አይገለጥም። እኔ ሥራ ስሆን እሷ ድምፅ አታሰማም፣ ሰው ቢያንኳኳ ትንፍሽ አትልም።

ሐሙስ፣ ኦክቶ. 9

ሙቀት። ኦክቶበር ነው ብዬ ጥላ ያለበት ሳልፈልግ ከምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ፣ ከነርሲንግ ሆሙ ጀርባ ያለው መንገድ ዳር አቆምኳት። ስመለስ ካምፐሯ ምድጃ ሆናለች። እሷ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። ነጠላዋን በመጠጥ ውሃ ነክራ ጭንቅላቷ ላይ ጥላለች። ከንፈሯ ደርቋል።

መስኮቱን ለምን አልከፈቱም አልኳት። «አይክፈቱ ብለሻላ» አለች።

አልከሰሰችኝም፣ አልተቆጣችም። ይሄ ነው የሚያቃጥለኝ። ብትሰድበኝ እመልስላት ነበር። ውሃ አጠጣኋት፣ በረዶ ገዝቼ አንገቷ ላይ አደረግኩ። ከዚያ የመጠጥ ውሃ ጨረሱብኝ ብዬ ጮህኩባት። ሥራ ቦታ የሰው አሮጊት ቀኑን ሙሉ ማር በሆነ ድምፅ አጥባለሁ፣ አበላለሁ። ማሩ እዚያው ያልቃል።

እሑድ፣ ኦክቶ. 12

ቸርች፣ ኦክላንድ። እንደ ሁልጊዜው ካምፐሯን ራቅ አድርጌ አቆምኩ። እማማ ተ. ነጭ ጫማዋን አደረገች፣ ሽቶ ነካ ነካ። ተነጣጥለን በእግር ሄድን። ሰዎቹ የምንኖረው የሀብታሞቹ ከተማ ፓሎ አልቶ ይመስላቸዋል። እሷ ናት ያለቻቸው። ልጄ የገዛው ቤት ነው ብላለች። ጓሮው ውስጥ ሎሚ አለ ብላለች። ባለፈው ሎሚ ስታስገዛኝ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር፤ ለካ በከረጢት ይዛላቸው ልትሄድ ኖሯል።

ሎሚ ሰውን አይገድልም።

እሑድ፣ ኦክቶ. 19

ጽሑፌን ታገሺ።

እህት ፀሐይ ከፕሮግራም በኋላ ጥግ ያዘችኝ። ደግ ሴት ናት ይላሉ፤ ሳንሆዜ ትልቅ ቤት አላት፣ ባሏ ኢንጂነር ነው። እጄን በሁለት እጇ ይዛ እየጸለይንልሽ ነው አለችኝ። ለምኑ? አልኩ። ተሽኮረመመች። ከዚያ ነገረችኝ። እማማ ለጸሎት ቡድኑ ሁሉን ዘርዝራላቸዋለች። እኔ ሌላ ወንድ ይዤ ደረጀን አባረርኩት። ማሕፀኔ የተዘጋው ለዚህ ነው። እሷን ምግብ እከለክላታለሁ። የምትታገሠኝ ነፍሴ እንዳትጠፋ ብላ ነው።

የቸርቹ ሴቶች ሁሉ ወራቱን ሙሉ እያቀፉ ጌታ ይባርክሽ ሲሉኝ ይሄን እያወቁ ነበር።

ማሕፀኔ። ከደረጀ አርግዤ ሁለት ጊዜ እንዳስወረደኝ ያውቃሉ እንዴ? እሷ ታውቃለች። ሁለተኛው ጊዜ አንሶላውን ያጠበችው እሷ ናት።

ወደ ካምፐር ተመለስን። እራት ሠራሁላት። በላች። ጨው አነሰው አለች።

ሐሙስ፣ ኦክቶ. 23

ከእሑድ ጀምሮ ቃል አልተነፈስኩም። እሷም አልጠየቀችም። ባንድ ክንድ ርቀት ተኝተን፣ አንዳችን የሌላውን ሆድ ጩኸት እየሰማን፣ ዝም። የምትጸዳዳበትን ባልዲ እኔ ነኝ የምደፋው። ዛሬም ደፋሁ። አጥቤ መለስኩ። እያጠብኩ አሰብኩበት። የማደርገውን አውቄዋለሁ።

እሑድ፣ ኦክቶ. 26

አደረግኩት።

ጠዋት ቸርች በር አወረድኳት፣ አሞኛል አልገባም አልኳት። ሊበተኑ ሲሉ ካምፐሯን እስከ ፓርኪንጉ መሃል ነዳሁ። ሁሉም ውጪ ነበሩ፤ ሕፃናቱ ይሯሯጣሉ፣ ሴቶቹ ክብ ሠርተዋል፣ እሷ መሃል ላይ። ጥሩምባ ነፋሁ። ወረድኩና የኋላውን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ፍራሹ። ገመድ ላይ የተሰጣው የውስጥ ልብሷ። ባልዲው።

«እማማ፣ ቤትዎ መጥቷል። ይግቡ» አልኩ። በማሩ ድምፅ።

አንድ ሕፃን ኦ ማይ ጋድ አለ፣ እናቱ አፉን ያዘችው። እማማ ተ. ካምፐሯን አየቻት፣ እኔን አየችኝ። ፊቷ ላይ ምንም የለም። ወደ ሴቶቹ ዞረችና፣ «ይቺን ሴት አላውቃትም» አለች።

ረጋ ብላ ነው ያለችው። እህት ፀሐይ ትከሻዋን አቀፈቻት፣ ወደ መኪናዋ ወሰደቻት። እኔን ያየኝ የለም። በሩን ዘጋሁ፣ ወጣሁ። ሃይዌይ ላይ እስክገባ እየዘፈንኩ ነበር። ከዚያ ግጥሙ ጠፋኝ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶ. 28

ፍራሹን ሁለቱንም ጎን ተኛሁበት። መስኮት ከፈትኩ። ሬዲዮ ከፈትኩ። ነጭ ጫማዋ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር አለ፤ ለክፉ ቀን ብላ የምታስቀምጠው ሌላ ጥንድ። አልወስድላትም።

ቅዳሜ፣ ኖቬ. 8

ዝናብ ጀመረ። ጣራው ያፈሳል፣ በእሷ በኩል። ድስት ደቀንኩ። ጠዋት ፖሊስ አንኳኩቶ አነሣኝ፤ ብቻሽን ነሽ? አለ። የስ አልኩ። ያኔ ካምፑ ውስጥ እሷ እንዳለችው ነበር ያልኩት፣ አንገቴ ቀና ብሎ። ጠላሁት።

ቸርች አልሄድኩም። የምሄድበት ፊት የለኝም። ሥራ ቦታ አንዷ አሮጊት ቆነጠጠችኝ፣ መልሼ ልቆነጥጣት ነበር። እጄን ኪሴ ከተትኩ።

ረቡዕ፣ ኖቬ. 19

ደረጀ ደወለ። ሥራ ቦታዬ! ቁጥሩን ከቸርቹ ሰዎች አገኘሁ አለ፤ እናቱ የት እንዳለች ግን አልነገሩትም መሰለኝ። ልቤ እንደ ጅል ዘለለ። እዚህ ላይ ልጽፈው አፍሬአለሁ፣ ግን ዘለለ።

ደህና ነሽ ወይ አላለኝም። እማዬ ስልክ የላትም ወይ አለ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራረገ። ሚስት አለው። ልጅ ተወልዷል። ሚስትየው ሥራ ልትመለስ ነው፣ ሞግዚት ውድ ነው፣ እናቱን ሊያስመጣ ፈልጓል። ትኬት ቆርጬ እልካለሁ፣ ኤርፖርት ብቻ አድርሺልኝ፣ አንቺ መቼም ክፉ አይደለሽም አለኝ። ማክሰኞ ደውዬ መልስ እሰማለሁ አለ።

ኦኬ አልኩ። ከሄደ ከስምንት ወር በኋላ ለባሌ ያልኩት ይሄን ብቻ ነው። ኦኬ። ስልኩን ሰቅዬ የሰው አልጋ አነጠፍኩ። አንሶላውን ስወጥረው ተቀደደ።

ዓርብ፣ ኖቬ. 21

ልነግራት ነው። ነገ። ለደግነት አይደለም፣ አንቺን አልዋሽም። ፊቷን ማየት እፈልጋለሁ። ስምንት ወር የጸለየችለት ልጅ ሌላ ቤት ሠርቶ፣ ወልዶ፣ አሁን የፈለጋት ዳይፐር እንድትቀይር መሆኑን ስትሰማ ያ ፊት ሲሰነጠቅ ልይ። ከዚያ ትሂድ።

ቅዳሜ፣ ኖቬ. 22

የእህት ፀሐይ ቤት እውነትም ትልቅ ነው። ትንሿ ልጇ በሩን ከፈተች። እማማ የት አሉ ስላት «ግራንድማ ኢዝ ኢን ዘ ጋራጅ» አለችኝ። እናትና አባት ወጥተዋል።

ጋራጁ፣ የመኪና ማሳደሪያው ውስጥ፣ ከቦይለሩ አጠገብ፣ ታጣፊ አልጋ። ከጎኑ እስከ ወገብ የሚደርስ የልጆች ልብስ ክምር። እያጠፈች ነበር። ከስታለች። ቀና ብላ አየችኝና ማጠፏን ቀጠለች።

ቆሜ ነገርኳት። ሚስቱን፣ ልጁን፣ ሞግዚቱን። ፊቷን እያየሁ።

አልተሰነጠቀም።

«ወንድ ነው?» አለች። «እርጉዝ መሆኗን ሲሄድ ነግሮኛል።»

ማርች ላይ። ሴትየዋ ያኔም ዳላስ ነበረች። እኔ ሻንጣውን ሳጥፍለት፣ ሸሚዙን ስተኩስለት፣ እናቱ ታውቅ ነበር። ለምን አልነገሩኝም አልኳት፤ ድምፄ ማር አልነበረም።

«ብነግርሽ መንገድ ላይ ትጥይኝ ነበር።»

«አዎ፣ እጥልዎ ነበር» አልኩ።

«አውቃለሁ» አለች። ካልሲ ከካልሲ አጋጠመች። ከዚያ፣ ሳታየኝ፣ ለቸርቹ ሰዎች ልጄ ሚስቱን ጥሎ ሄደ ልበላቸው? አለችኝ። ነውሩን የሚሸከም ሰው ያስፈልግ ነበር። እኔ ልቻለው ብትል ሰባ ዓመት አልፏታል። «አንቺ ትከሻ አለሽ» አለች። ይቅርታ መሆኑ ነው መሰለኝ። ከዚያ የባሰ ይቅርታ ሰምቼ አላውቅም። ልመታት ፈልጌ ነበር። የታጠፈውን ክምር በእግሬ ናድኩት። ጎንበስ ብላ መልቀም ጀመረች፤ እዚህ ቤት ሳይታጠፍ ካገኙት ይከፋቸዋል አለች። የደጓን ሴት ቤት ማለቷ ነው።

«መኪናው ሞቆ ነው የሚያድረው እዚህ» አልኳት፣ ጋራጁን እያየሁ። «መኪናውን እንኳ ውጪ አወጡት ለእኔ ብለው» አለች። ልትስቅ ምንም አልቀራት። እኔም።

ታዲያ ዳላስ ይሂዱ አልኩ። የልጅ ልጅዎን ያያሉ።

ቦይለሩ ተንተከተከ።

«እዚያ ደግሞ የማላውቀው ሰው ይጥለኛል። ያንቺን አጣጣል ለምጄዋለሁ።»

ልብሱን እስከ መጨረሻው አጠፈች። ከዚያ ቦርሳዋን ከአልጋው ሥር አወጣች። ቆልፋዋለች፣ ዝግጁ ነበር። ለስንት ቀን ዝግጁ እንደነበር አልጠየቅኳትም። አልተሸከምኩላትም፤ ከኋላዬ እየጎተተች መጣች። የካምፐሯን ደረጃ ስትወጣ ግን ክርኗን ያዝኩ፣ እርጥብ ስለነበረ ነው።

እሑድ፣ ኖቬ. 23

ቸርች አልሄድንም፣ ሁለታችንም። ፍሩትቬል፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ቆመናል። ፍራሿ እርጥብ ነው አለች። ድስቱ ለምን መሃል ላይ ተቀመጠ አለች። ሽሮው ጨው አነሰው አለች። አፍዎን ይዝጉ አልኳት፣ በአንቱ። ይቅር አላልኳትም። እሷም ይቅር አላለችኝም፤ ያቺን እሑድ እስክትሞት አትረሳትም፣ እኔም እንድትረሳት አልፈልግም።

ማክሰኞ ደረጀ ይደውላል። እናትህን አላገኘኋትም እለዋለሁ። የት ናት ካለ፣ እኛ መንገድ ላይ ነን፣ እኔም ነገ የት እንደማድር አላውቅም። ደጋግሞ ይደውል። ትኬቱን ይቁረጥ፣ ይቃጠልበት።

እንዳይመስልሽ፣ አንቺ ደብተር፣ አልራራሁላትም። ዳላስ ያለችው ሴት ባሌን ወስዳለች። እናትየዋ የእኔ ናት።