የተሻረው ምዕራፍ

እታለም፣ እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣቱን እሺ አለሽ? ባለቤትሽና ልጆቹስ፣ አልዘጋም ያለው በራችሁ ሳይቀር፣ እንደምን ናችሁ? እኔ በሆስፒታሉ ልብስ እጥበት እንፋሎት ከመቀቀሌ በቀር ደኅና ነኝ። የእማዬ እግርስ? በዚህኛው ጥያቄ ግን ጠያቂው ሳልሆን ተጠያቂው ነኝ።

ሕሙማንን ስለ መንከባከብ በኢንተርኔት የምማረው ትምህርት ነፃ ነው፤ መጽሐፉ ግን ይገዛል። ለተማሪዎች በሚሸጥበት ገጽ ላይ አንዱ በቀይ «ቅናሽ» ተብሎበት አየሁና አፈፍ አደረግሁት። ለምን ረከሰ ብዬ አልጠየቅሁም፤ ርካሽ ሲያጋጥመን ጥያቄ የማናበዛ ቤተሰብ ነን።

ምዕራፍ ሰባት የስኳር ሕመምተኛ እግር በየቀኑ ለብ ባለ ውሃ ይዘፍዘፍ ይላል። የእማዬ እግር በስኳሩ ሲቆስል በስልክ ያነበብኩልሽ እሱን ነው። የሰፈራችሁ ነርስ «ኧረ ቁስል አይዘፈዘፍም!» ስትል «እሷ መጽሐፍ አላት?» ያልኩት እኔ ነኝ። እማዬም «ልጄ ባሕር ማዶ ሆኖ ያክመኛል፣ እናንተ አጠገቤ ሆናችሁ ታቃጥሉኛላችሁ» ብላ አባረረቻት። ያኔ ስቄያለሁ።

ባለፈው ሐሙስ አብራኝ የምትማረው የእጥበት ክፍላችን አንሶላ ተኳሽ መጽሐፌን ገለጥ አድርጋ «አንተ፣ ይሄማ ተሽሯል!» አለችኝ። አዲሱን እትም በሙሉ ዋጋ ስትገዛ የሳቅሁባት ሴት ናት። የሷ ምዕራፍ ሰባት «እግር አትዘፍዝፉ» ብሎ ይጀምራል። የኔው የረከሰው ለዚህ ኖሯል። ቁስሉ እስኪሽር ስንጠብቅ መጽሐፉ ተሻረ። ቋንቋችን እንዲህ ያለ ቀልድ እንዳለው ባላውቅ ደስ ባለኝ።

ያን ዕለት ደውዬ መዘፍዘፉን አቁሙ አልኩሽ፤ ምክንያቱን ግን ዋጥ አደረግሁት። ትናንት የእማዬ ሁለት የእግር ጣቶች መቆረጣቸውን ነገርሽኝና «ምን ይደረግ፣ አንተም እንደ ዶክተር ነው የረዳኸን» አልሽኝ። ሐኪሙ የቀረው እግር መትረፉ በወር ውስጥ ይለያል ብሏል። እስከዚያ ነርሷን ለምነሽ መልሻት፤ እሷ ያለችውን ብቻ አድርጉ። እኔ ሌላ ነገር ካልኩ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዝጊው።

ይህን ደብዳቤ ለእማዬ አንብቢላት። ይቅር እንድትለኝ አይደለም፤ ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄ አከመኝ ማለቷን እንድትተው ነው።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ። ነርስ እሆናለሁ የምትለዋን ትልቋን፣ መጽሐፍ ስትገዢ የታተመበትን ዓመት እዪ በያት። ለነርሷ ሰላምታ ለመላክ አልደፍርም። የእማዬን እግር ወድቄ መሳም የሚገባኝ እኔ ነበርኩ፤ ከፈቀደችልሽ በፋሻው ላይ፣ ቀስ ብለሽ ሳሚልኝ።

ወንድምሽ
ከሆስፒታሉ ልብስ እጥበት ክፍል፣ ምድር ቤት
ማክሰኞ፣ የካቲት 9 ቀን