ቆጣሪው ላይ ስለተጻፈው 220 እና ስላልተፈለፈሉት ዘጠና ስድስት እንቁላሎች

ለከተማችን መብራት ቢሮ ኃላፊ
ባሉበት

የተከበሩ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ቢሮዎ ስመጣ የኮረንቲ ማሞቂያዎ እግርዎ ሥር ፍም መስላ ስላየሁ፣ ትራንስፎርመሩም ከአጥርዎ ጥግ የቆመ ስለሆነ፣ የዚህ ደጋ ብርድ እርስዎ ጋ እንደማይደርስ ተረድቼ ደስ ብሎኛል።

ፈናን ቱፋ እባላለሁ። በኤሌክትሪካል ምህንድስና ከተመረቅሁ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖኛል። ሥራ እስካገኝ እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብዬ፣ ለታችኛው ሰፈር ሴቶች የእንቁላል ማስፈልፈያ ሣጥን ሠራሁ። አሥራ አራት ሴቶች ዘጠና ስድስት እንቁላል አዋጡ፤ እያንዳንዷም የራሷን በእርሳስ ምልክት አደረገችበት። ሣጥኑ ወይዘሮ ሰኪና ቤት ተቀመጠ፤ በሰፈሩ አደራ የሚሰጠው ለእርሳቸው ነበርና። ጫጩቶቹን በሃያ አንደኛው ቀን ጠበቅን፤ እስከ ሃያ አራተኛውም ታገስን። አንድም አልወጣም።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ቆጣሪያችን ላይ 220 ቮልት ተብሎ በሚያምር ፊደል ስለተጻፈልን አመሰግናለሁ። ሣጥኑን አሰላ ከተማ፣ በጓደኛዬ በኢብሳ ወርክሾፕ ውስጥ ሰክቼ ስፈትነው ቮልቱ 220፣ አምፔሩ 2 ነበር። ሁለቱን ሳባዛ 440 ዋት፣ ቮልቱን ለአምፔሩ ሳካፍል ደግሞ የማሞቂያው ሽቦ ሬዚስታንስ 110 ኦም ሆነልኝና እፎይ አልኩ። እዚህ ካመጣሁት በኋላ እንደገና መለካት አልታሰበኝም። ቢሮ የጻፈውን ቁጥር መጠራጠር ከተማረ ሰው አይጠበቅም ብዬ ይሆናል።

2. እንቁላሎቹ ከተጣሉ በኋላ ሙልቲሜትር ተውሼ፣ ሰፈሩ ራት መሥራት በሚጀምርበት ሰዓት ብለካ 140 ቮልት አገኘሁ። ሽቦው ያው 110 ኦም ነው። 140 ለ110 ሲካፈል 1.27 አምፔር፣ ይህ በ140 ሲባዛ 178 ዋት። ቮልቱ የወረደው በሲሶ ገደማ ነው፤ ሙቀቱ ግን ከግማሽ በታች ሆነ፣ ቮልት ሲወርድ አምፔሩንም ይዞት ይወርዳልና። ይህን እርስዎን ለማስተማር አልጻፍኩም። ተማሪ ሳለሁ ፈተና ላይ ተሳስቼበት የማላውቀውን ነገር፣ ሥራ ላይ የረሳሁት እኔ ነኝ።

3. ቁጥሩን ይዤ ስመጣ ስላደረጉልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። «ለኪ ማን አደረገሽ? 220 ነው፣ ቆጣሪው ላይ ተጽፏል፤ ማንበብ አትችይም እንዴ?» አሉኝ። ማንበብ እችላለሁ። ቀጥለውም ቮልቱ መውረዱን የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ከቀበሌ እንዳመጣ አዘዙኝ። የቀበሌው ጸሐፊ ቮልት በምን እንደሚለካ ቢጠይቁኝ፣ እኔም «በማኅተም ሳይሆን አይቀርም» ብዬ ወጣሁ።

4. ይህኛው አቤቱታ በእኔው ላይ ነው፤ የሚቀበለኝ ሌላ ቢሮ ስላጣሁ እዚሁ ይመዝገብልኝ። ወይዘሮ ሰኪና ሦስት ጊዜ ጠርተውኝ ነበር። «ፈናን ልጄ፣ ይሄ ሣጥንሽ እኮ እጄን እንኳ አያሞቀውም» ሲሉኝ፣ እኔ ምሩቋ «እትዬ፣ በሩን እየከፈቱት ነዋ!» አልኳቸው። በሃያ አራተኛው ቀን ደግሞ ሴቶቹ ሁሉ ተሰብስበው ሳለ፣ በገዛ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ስሌቴን በጠመኔ ጻፍኩና «ሂሳቡ ትክክል ነው፤ ጥፋት ካለ የበሩ ነው» አልኩ። ወርቅቱ የምትባለው ጎረቤታቸው «ሰኪና ራሷ ልታቅፋቸው አምሯት ነዋ!» ስትል ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ወይዘሮ ሰኪና ጠመኔውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉት። ከዚያ ወዲህ ወንፊት እንኳ እርሳቸው ዘንድ የሚያስቀምጥ የለም። እኔም እውነተኛውን ቁጥር ካወቅሁ በኋላ፣ በደጃቸው ላለማለፍ በወንዙ በኩል እየዞርኩ ቤቴ ስገባ ሰነበትኩ።

ልመናዬ አንድ ብቻ ነው። ሴቶቹ በመጪው ቅዳሜ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በወይዘሮ ሰኪና ቤት ይሰበሰባሉ። አንድ ሠራተኛ ይላኩልን፤ ሶኬታቸው ላይ ይለካ፣ ያገኘውን ቁጥር ጽፎ ይፈርምበት። የእኔ ቁጥር አንዴ ስለታመነ የደረሰውን አይተዋልና፣ ሴቶቹ ዳግመኛ ባያምኑኝ አልፈርድባቸውም። ሠራተኛ ባይመጣ ግን እኔው በፊታቸው እለካለሁ፤ በበሩ ያሳበብኩትም እኔ መሆኔን እናገራለሁ።

ማሞቂያዎ እንደቀላች፣ ወንበርዎም እንደሞቀ እንዲቆይልዎ እየተመኘሁ፣ ስላልለኩልን ሁሉ ከልብ የማመሰግን፣

ፈናን ቱፋ
ከታችኛው ሰፈር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ከማሸጌ በፊት ወይዘሮ ሰኪና ቤት ሄጄ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ለእርሱ ይሄን ሁሉ ጻፍሽ፤ ለእኔ ግን አንዲት ቃል ከአፍሽ አልወጣችም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጉልበታቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ወደዚያች ቃል ለመድረስ እኔ አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶብኛል፤ እርስዎ በሥራ ልምድ ስለሚበልጡኝ እስከ ቅዳሜ ይበቃዎታል ብዬ አስባለሁ።