ከየበራችን ስለተፋቁት ሙታን ለከንቲባችን የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ቬንሲስላቭ ጉንቼቭ
የጎርና ሊፓ ከተማ ከንቲባ
(ግልባጩ በዳቦ ቤቱ መስኮት ላይ የሚለጠፍ)

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎስ ተሻለዎ? የተከበሩት ባለቤትዎና አዲሱ መኪናዎም በሙሉ ጤንነት ላይ እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ የላይኛው ሰፈር ሰዎች፣ ማን እንደሞተብን የሚነግረንን የሐዘን ወረቀት ከየበራችን ካስነሱልን ወዲህ ስለማንም ሞት ስላላነበብን፣ ሁላችንም በሕይወት አለን ብለን በደስታ ተቀምጠናል። ጎርና ሊፓ ብዙ ከንቲባ አይታለች፤ ሞትን በቀለም መፋቂያ ያስቀረ ግን እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።

ፊደል የለየሁት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ፣ አጻጻፌ ለክቡርነትዎ ዓይን የማይመጥን ቢሆን ይቅርታዎን እለምናለሁ። የምጽፈውም ስለ ትልቅ ጉዳይ አይደለም፤ ስለ አንድ ቤት ነው። በእኛ መንገድ ላይ ከጭስ ማውጫው ጭስ የሚወጣው የእኔ ቤት ብቻ ነው። ከአጥሬ ቀጥሎ ያለው የባሌ እህት የዮርዳንካ ቤት ሲሆን፣ እሷ ካረፈች በኋላ ልጆቿ ከስፔን ሆነው «ጣሪያው እንዳይወድቅ ብቻ፣ ለሰው በርካሽ ይከራይ» ብለው ቁልፉን ለእኔ ትተውልኛል። ዘንድሮ በሐምሌ ባሌ ጼኮ ስለሞተ፣ በመጪው ብርድ በረዶ በሬን ቢዘጋው አካፋ ይዞ የሚመጣልኝ ሰው የሚኖረው በዚያ ቤት ሰው ከገባ ብቻ ነው። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ «ሕያው ከተማ» የሚል ዕቅድ አውጥቶ፣ የዋና ከተማዋ የሶፊያ ኪራይ ያንገሸገሻቸውን ባለ ልጅ ቤተሰቦች ቅዳሜ ቀን ጠርቶ ከተማችንን ሊያስጎበኝ ነው ሲባል፣ ከእኔ የበለጠ የተደሰተ አልነበረም። ደስታዬን ትንሽ ያደፈረሱትን ነገሮች ብቻ፣ ጊዜዎን እንዳልሻማ፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ከጉብኝቱ በፊት ባለው ሳምንት የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ ፓርቫን መፋቂያና ጆንያ ይዞ በየበሩ፣ በየአጥሩና በአውቶቡስ ማቆሚያው ላይ የተለጠፉትን የሙታኖቻችንን ፎቶና ስም እየፋቀ ከጆንያው ከተተ። የሙት ዓመቱን አነሣ፣ የስድስት ወሩን አነሣ፣ አርባው ገና ያልወጣውን የጼኮን ደግሞ እኔ በሩ ላይ ቆሜ እያየሁት አነሣ። ጼኮ ማለት በምርጫ ሰሞን አረቄውን «እንዲህ ያለ የትም የለም» እያሉ ሦስት ጊዜ ያስቀዱት ሰውዬ ነው፤ ምናልባት ፎቶው ላይ ባርኔጣ ስላደረገ አላወቁት ይሆናል። ፓርቫንን «አንተ፣ ሠርግህ ላይ አኮርዲዮን የተጫወተልህን ሰው ነው የምትፍቀው?» ስለው፣ አንገቱን ደፍቶ «እማማ ቪዳ፣ እኔን አይርገሙኝ፤ ከላይ የመጣ ነው። ሬሳ የተለጠፈበት ከተማ ማን ይገባል ብለዋል። ደግሞ ማንም አያነበውም አሉ» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ አነበዋለሁ። ማንበብ የተማርኩት በእነዚሁ በሮች ላይ ስለሆነ፣ በእኔ በኩል ያፈረሱልኝ ትምህርት ቤቴን ነው። ለዚህም አመሰግናለሁ፤ የላይኛውን ሰፈር ትምህርት ቤት የዘጉ ከንቲባ እንደሆኑ ባውቅም እስከ እኔ ድረስ ይደርሳሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ሁለተኛ፤ ባዶዎቹ ቤቶች ሰው ያለባቸው እንዲመስሉ በየሰገነታቸው ላይ ልብስ ማሰቀልዎ ብልኅነት ነው። ይሁን እንጂ ዕድሜውን ሙሉ ሚስት ሳያገባ፣ ከንቦቹ ጋር ኖሮ ከንቦቹ ጋር በሞተው በሜቶዲ ሰገነት ላይ ሦስት የሕፃን ሱሪና አንድ የሴት የሌሊት ልብስ በማሰቀልዎ፣ ምስኪኑ በሕይወቱ ያልሞከረውን በሞቱ አስፈጽመውታል። ዳቦ የሚያመጣው ሾፌር አርብ ዕለት ይህን አይቶ ፍሬን ያዘና «ሜቶዲ መቼ ተነሣ?» ብሎ አማተበ። የማኅበረ ምእመናኑ ሴቶችም እናቲቱ ማን ልትሆን እንደምትችል እስካሁን እየተወያዩ ነው፤ ጥርጣሬው ወደ ፖስታ ቤቷ ዝላትካ ያዘነበለ ሲሆን፣ እሷም በሰማንያ አንድ ዓመቷ እንዲህ በመጠርጠሯ ምስጋናዋን እንዳደርስላት አደራ ብላኛለች።

ሦስተኛ፤ ወደ ሐኪም የሚወስደን አውቶቡስ በበጀት እጥረት ምክንያት እንደማይኖር በደብዳቤ በገለጹልን በወሩ፣ ቅዳሜ ማለዳ ከሰባ ዓመት በላይ የሆነውን ሁሉ በነፃ ወደ ፍል ውሃ የሚወስድ አውቶቡስ በመገኘቱ ተደንቀናል። ሾፌሩ ሳይመሽ እንዳይመልሳቸው መታዘዙን የሰማነው በኋላ ነው። ሰዎቹ ንጹሕ ሆነው፣ ጉንፋን ይዘው ተመልሰዋል።

አራተኛው ለእንግዶቹ ስላደሉት በራሪ ወረቀት ነበር፤ «ሐኪም በቅርብ ርቀት» የሚለው ተራራውን በአየር ለሚያቋርጥ ቁራ እውነት ስለሆነ ትቼዋለሁ።

ክቡርነትዎ ያልጠበቁት አንድ ነገር ቢኖር የቃሪያ ወቅት መሆኑ ነው። ሁለት ጆንያ ቀይ ቃሪያ ግቢዬ ውስጥ ተቀምጦ፣ ለብርዱ ወራት ጠብሼ በጠርሙስ ሳልከት፣ ከነነፍሴ ገነት ግቢ ቢሉኝም አልሄድም ነበር። ስለዚህ ሁሉም በአውቶቡስ ሲሄድ እኔ ቀረሁ። እርስዎም በአደባባዩ ንግግር አድርገው፣ ብስኩት አብልተው እንግዶቹን ከተማዋን እንዲያዩ በለቀቋቸው ጊዜ፣ አንዱ ቤተሰብ የቃሪያውን ሽታ ተከትሎ በእኛ መንገድ ወጣ። አባትየው ቦያን ይባላል፣ እናቲቱ ዴኒጻ፤ ልጆቻቸው ያና የምትባል አንደኛ ክፍል የምትገባ ልጅና የማይያዙ ሁለት መንታ ወንዶች ናቸው። ከአጥሬ ውጭ ቆመው ሲነጋገሩ፣ ጆሮዬ ገና ስላልተፋቀ፣ ሰማኋቸው።

«ሰዉስ? ልብስ በየቤቱ ተሰቅሏል፣ አንድ ሰው ግን የለም» ትላለች እናቲቱ።

«ልብሱም ደረቅ ነው» አለ አባትየው፤ «ሱሪውም ላይ የመደብር ዋጋው አልተነቀለም።»

ያን ጊዜ ትንሿ ልጅ፣ በየበሩ ላይ ያሉትን ነጫጭ አራት ማዕዘኖች እያሳየች፣ «አባዬ፣ ከዚህ ላይ ምን ነቅለው ነው?» አለች። ሰውየው ከበር በር ተመለከተ፤ የዮርዳንካን በር አየ፣ የእኔን አየ፣ ፊቱ ተለወጠ። በኋላ እንደነገረኝ፣ እሱ ባደገበት ከተማ በር ላይ ወረቀት የሚለጥፈው ባንክና ዕዳ ጠያቂ ብቻ ነው። «ዴኒጻ፣ ልጆቹን ሰብስቢ። መንገዱ ሁሉ በዕዳ የተያዘ ነው፤ እኛ ልናይ ስንመጣ ማስታወቂያውን ነቅለው ደብቀውታል። እኔስ ኪራዩ ለምን ረከሰ እያልኩ ነበር! ጎረቤት ከተማው ዶልና ቤላ ይሻላል፣ ቢያንስ እዚያ የመንገድ መብራት አለ» አለና መንታዎቹን ከየአንገታቸው ያዛቸው።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ሕያው ከተማዎ ያን ጊዜ በእጄ ላይ ልትሞት ነበር፤ የእኔም ጎረቤት አብሮ። ቃሪያው ሲያር ትቼ ወጣሁና «አንተ ልጅ፣ ባንክ እዚህ ድረስ ለመምጣት መንገዱን አያውቀውም። ግቡ!» አልኩት። ከዚያም የምናዘዘውን ልናዘዝ፤ ፓርቫን ጆንያውን በማዘጋጃ ቤቱ ምድጃ ሊያቃጥል ሲወስድ፣ በምትኩ አንድ ጆንያ የበቆሎ አገዳ ሰጥቼው ተለዋውጠን ነበር። ሙታኖቻችንን አውጥቼ በግቢው ጠረጴዛ ላይ፣ በቃሪያው መካከል ዘረጋኋቸው። «በበሮቹ ላይ የነበሩት እነዚህ ናቸው። ከንቲባችን እንዳትፈሩ ብለው ነው» አልኳቸው።

ማንም አልፈራም። ቦያን ብድግ እያደረገ ዕድሜያቸውን ያነብ ጀመር፤ «ዘጠና አንድ... ሰማንያ ዘጠኝ... ዘጠና አራት... ይሄኛው ደግሞ በዘጠና ስድስት ዓመቱ ከዛፍ ወድቆ! እማማ፣ እዚህ ሰው የሚበላው ምንድን ነው?»

«ቃሪያ» አልኩት፤ «ከዚያ ደግሞ ከንቲባ እንሳደባለን። ለሳንባ ጥሩ ነው።»

ሚስቱ ግን አልሳቀችም። የጼኮን ወረቀት ይዛ ከታች፣ ሐዘንተኞቹ የሚጠሩበትን መስመር ደጋግማ ታየው ነበር። «ይሄ ‹ከጎረቤቶች› የሚለውን ማን ነው የሚያስጽፈው?» አለችኝ።

«እኛው ነና፣ የቀረነው። ሌላ ማን ይጽፈዋል?»

ያን ጊዜ በሶፊያ ከሚኖሩበት ፎቅ በላይ ስለነበረ አንድ ሽማግሌ ነገረችኝ። ሰውየው ሞቶ ብዙ ሳምንት ማንም አላወቀም፤ በሩ ላይ የተለጠፈለት ወረቀት መብራትዎ ሊቆረጥ ነው የሚለው ብቻ ነበር። «በየቀኑ በዚያ በር አልፍ ነበር፤ ወረቀቱንም አንብቤዋለሁ» አለች። እኔም ትኩስ ቃሪያና አይብ አቀረብኩላት። መንታዎቹም በዚህ መካከል የዮርዳንካን ቤት በመስኮት ገብተው መርምረውት ኖሮ፣ ፍርዳቸውን ከሰገነቱ ላይ ጮኸው አሰሙን፤ ከላይኛው ክፍል ድመት አለ።

ቢሆንም ያን ዕለት ቃል ሳይሰጡኝ ሄዱ። ዶልና ቤላንም ሊያዩ ነበር፤ የልጅ እናት መብራት የሌለውን መንገድ ቶሎ አትመርጥም። የአካባቢው ጋዜጣ ሰኞ ዕለት «ጎብኚዎች በከተማችን ወጣትነት ተደነቁ» የሚለውን ቃልዎን ከፎቶዎ ጋር ሲያወጣ፣ እኔ ስልኩ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። የተደወለው ሐሙስ ነው። «እማማ ቪዳ፣ ቤቱ አለ?» አለችኝ ዴኒጻ። «ከመቶ ዓመት ጀምሮ እዚያው ነው፤ የት ይሄዳል?» አልኳት። ሳቀች። ትምህርት ቤት ሳይከፈት በጭነት መኪና ይመጣሉ። በዶልና ቤላ መብራቱ እንዳማረ፣ ሆኖም በሚያበራው መንገድ ላይ ስማቸውን የጠየቃቸው ሰው እንዳልነበረ ነገረችኝ። ከዚያ ስልኩን የነጠቀቻት ያና ነች፤ «ባርኔጣ ያለውን ሰውዬ በሩ ላይ መልሺው፤ አልጨረስኩትም፣ እስከ ‹ጼ› ነው ያነበብኩት» ብላኛለች።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ድንገት በመኪናዎ ሲያልፉ እንዳይደነግጡ አስቀድሜ አሳውቃለሁ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሁሉንም መልሰን ለጥፈናል። ሙጫውን እኔ ከዱቄት አበሰልኩ፤ መሰላሉን የዘጠና ሦስት ዓመቱ ትሪፎን ያዘ፤ እሱ ልውጣ ብሎ ነበር፣ ገና ወረቀቱን ስላላሳተምንለት ከለከልነው። ከመሰላሉ ላይ የወጣው ፓርቫን ነው፤ በዕረፍት ሰዓቱ ስለሆነ እባክዎ ከደመወዙ አይቁረጡበት። ለሚቀጥለው ጉብኝት ልብስ መግዛትዎንም ይተዉት። ከመስከረም ጀምሮ በእኛ መንገድ በአንዱ ሰገነት ላይ አምስት ሰው የለበሰው ይሰቀላል። ከበፊቱ የሚለየው ውሃ በማንጠባጠቡ ነው፤ ከሥሩ ሲያልፉ ባርኔጣዎን አይርሱ።

ለዕድሜዎ መርዘም፣ ለወገብዎ መጽናት፣ ለዕቅድዎም ከዚህ በላይ አለመሳካት ዘወትር የምትጸልየው፣ በክቡርነትዎ ዘመን የኖረችና ገና ከበሯ ያልተፋቀችው ታዛዥዎ፣

ቪዳ ማሪንስካ
የላይኛው ሰፈር፣ ጭሱ የሚታየው ቤት

ማስታወሻ፦ ማተሚያ ቤቱ ሰው ቀድሞ ካዘዘ በዋጋ ስለሚቀንስልን፣ የእርስዎንም ወረቀት፣ እርስዎ ባይቸኩሉም፣ ከትሪፎን ወረቀት ጋር አብረን ልናሳትመው አስበናል። ፎቶ አለ፤ ከምርጫ የተረፈ በሽ ነው። ማዕረግዎም ተጽፏል። «ከጎረቤቶች» የሚለውን መስመር ግን ባዶ ትተነዋል። ጥቂት ዓመት አለዎትና፣ ከወዲሁ በአንድ አካፋ በረዶ ቢጀምሩ ይደርሳሉ።