«ዶክተሩ ሰምቶታል»

ግንቦት 26

ሐሙስ። ብርዱ ገባ። ጠዋት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቼን በኦንላይን አስተማርኩ... ካሜራውን የከፈተ አንድ ተማሪ የለም። ስክሪኑ ሙሉ ጥቁር ሳጥን። ስለ ልኬት ስሕተት ነበር የዛሬው። ለማን እንዳስተማርኩ እንጃ።

ከምሳ በኋላ የድምፅ ዕቃ ነጋዴው ምሕረቱ መጣ። አዲስ አምፕሊፋየር ተሸክሞ። ማስኩን እስከ ዓይኑ ድረስ ስቦታል። «ግባ» ብለው «አልገባም፣ ስንት ቤት ዞሬ ነው የመጣሁት» አለኝ። ዕቃውን የበሩ ደፍ ላይ አስቀመጠ።

«ስንት ነው?»

«ዋጋ ማን አነሣ? እዚሁ ይቆይ።»

እዚሁ ይቆይ! የምሕረቱ ንግድ ይኸው ነው። ግዛ አይልም። «ይቆይ» ይልና ይሄዳል። ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሁሉ እንዲህ ነው የገባው። አንዱም ተመልሶ አልወጣም። ጸሐይወርቅ ከኩሽና ሆና ሳቀች። «ምሕረቱ ይቆይ ያለው ዕቃ ከዚህ ቤት የሚወጣው እኔን ቀብሮ ነው» አለች። ሚስቴ ፋርማሲስት ናት፤ በዚህ ሰሞን ሆስፒታሉ ውስጥ ስትውል ስለ ቀብር እንዴት እንደምትቀልድ አይገባኝም።

ግን ሌላ ማንን ልመን? የገበያ አዳራሹ ሻጮች ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ነው የሚያነቡልህ። ኢንተርኔት ላይ የሚተነትኑት በማን ገንዘብ እንደሚተነትኑ አይታወቅም። ምሕረቱ ግን አንዴ ትልልቅ ስፒከር አምጣልኝ ብለው «ያንተ ክፍል መስኮት ይበዛዋል፣ ባሱ ይዘበራረቅብሃል» ብሎ የራሱን ሽያጭ አስቀርቷል። ደግሞ እናቴ አገር ቤት ስትሞት... ዘመድ በሌለኝ በዚህ የሰው አገር ከተማ ሦስት ቀን ሙሉ ሱቁን ዘግቶ አብሮኝ ተቀመጠ። ለቅሶ የደረሰልህን ሰው ትተህ ከሌላ ትገዛለህ? እኔ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሱቅ ረግጬ አላውቅም።

ግንቦት 28

አዳመጥኩት። ጥሩ ነው። ጥሩ ስለሆነ ነው ወይስ ምሕረቱ ስላመጣው? ...የማይረባ ጥያቄ።

ሰኔ 2

ዓምደሚካኤል ደወለ። የማደንዘዣ ሐኪም ነው፤ ከወረርሽኙ ወዲህ ቤቱ የሚገባው ለመተኛት ብቻ ነው። ድምፁ ልፍስፍስ ብሏል።

«አመሰግናለሁ ወንድሜ። ያንተን ምርጫ ወሰድኩት» አለኝ።

«የቱን?»

«የዴንማርኩን አምፕ ነዋ። ምሕረቱ ነገረኝ። ሦስት ሳምንት ቤትህ አቆይተህ በመሣሪያ ለክተኸዋል አይደል? 'ዶክተሩ ሰምቶታል' አለኝ። አንተ ከሰማኸውማ እኔ ምን እጨምራለሁ? ሳላስከፍተው ወሰድኩት።»

የዴንማርክ አምፕ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። እኔ ቤት ያስቀመጠው ሌላ ነው።

እሺ አልኩት። ተረኛ ነበር፣ ሰው ይጠራው ነበር... እሺ ብዬ ዘጋሁት። ለምን እሺ አልኩ?

ሰኔ 3

ሌሊቱን አልተኛሁም። ጠዋት ፀጋዬ ጋ ደወልኩ። ጀፕ፣ የአበሻው ገበያ ሰፈር ውስጥ፣ ብርድ ልብስ በጅምላ የሚሸጠው ፀጋዬ። ከስድስት ዓመት በፊት ስፒከሮቼን የገዛሁት ምሕረቱ «ፀጋዬ እነዚሁኑ ወስዶ እንቅልፍ አጥቷል» ስላለኝ ነው። ፀጋዬ ጆሮ አለው ብዬ አምን ነበር። ወጣት ሳለ የኳየር ኪቦርድ ይመታ ነበር።

«ፀጋዬ፣ እነዚያን ስፒከሮች በማን ምክር ነው የገዛሃቸው?»

«በማን? ባንተ ነዋ!»

«በኔ?»

«ምሕረቱ ነዋ የነገረኝ። 'ዶክተሩ ሰምቶታል' አለኝ። ዶክተር ከሰማው በኋላ የብርድ ልብስ ነጋዴ ምን ጆሮ አለው?»

«እኔ ደግሞ አንተ ገዛህ ተብዬ ነው የገዛሁት!»

«ምን? ምን አልክ?» አለ። ከዚያ ሳቁ... ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት።

«ታዲያ ማን ሰማው?» አልኩ።

«ማንም! ኧረ ማንም አልሰማውም! ዶክተሬ፣ አትቆጣ እንጂ። እኔም ኦሬንጅ ፋርም ሰፈር ወስዳ ለምትቸረችር ደንበኛ 'ያቺ የዳቬይተኗ እመቤት ትናንት ጭና ሄደች' እላታለሁ። የዳቬይተኗን ደግሞ በኦሬንጅ ፋርሟ። ዕቃ ብቻውን አይሸጥም፣ ሰው ይደገፋል።»

«ስድስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅከኝም?»

«አንተስ ጠይቀኸኛል?»

አልጠየቅኩም። «ምሕረቱ ያለው እውነት ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ምሕረቱን ውሸታም ማለት ነው። ለቅሶ ቤትህ ወለል ላይ የተኛን ሰው? ይሉኝታ! አንዱን ሚዛን በሌላው ሚዛን አስተካክለን፣ ያንን ደግሞ በመጀመሪያው... ይህን ስሕተት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ቢሠራው እጥለዋለሁ።

ሰኔ 7

ምሕረቱ ጋ ደወልኩ። ሰላምታ አላስቀደምኩም።

«ስሜን ማን ሰጠህ?»

«አልአዛር... ዕቃው እኮ ጥሩ ነው።»

«ስለ ዕቃው አልጠየቅኩህም።»

«አውቃለሁ። ይቅር... በኋላ ብንነጋገር... አሁን...»

በየቃሉ እየቆረጠ ነው የሚያወራው። ድምፁ ጎርንኗል። አፍሮ ነው። ይፈር! የልቤን ነግሬ ዘጋሁበት።

ሰኔ 8

ምሕረቱ ራሱ የከፈተው የዋትሳፕ ግሩፕ አለ፣ «ጥሩ ጆሮ» የሚባል። ደንበኞቹ ሁሉ ያሉበት። እዚያ ጻፍኩ። አራት ጊዜ አረምኩት። ስድብ የለውም። የዓምደሚካኤልን፣ የፀጋዬን፣ የራሴን፣ እንደሆነው አስቀመጥኩ። ሐሰት የሆነ አንድ ቃል የለበትም።

ጸሐይወርቅ ከመላኬ በፊት አነበበችው።

«ለብቻው ብትነግረው አይሻልም?»

«ነግሬዋለሁ።»

«ጮኸህበታል። መንገር ሌላ ነው።»

ላክሁት።

ሰኔ 11

ግሩፑ ነደደ። «እኔን በዶክተር ስም»፣ «እኔን በፓስተራችን ስም»፣ «እኔን በአንተ ስም»... ሁሉም ተያይዟል። ዕቃ እየመለሱ ነው። ዓምደሚካኤል የዴንማርኩን አምፕ ምሕረቱ የሚኖርበት ኬንሲንግተን ሰፈር ድረስ ወስዶ አጥሩ ሥር አስቀምጦት ሄደ። ደወል እንኳ አልደወለም። ሰው አይጠጋጋም በዚህ ጊዜ። ለመቆጣት ይመቻል።

ምሕረቱ አንድ መልስ አልጻፈም። የሚለው ቢኖረው ይጽፍ ነበር።

ሰኔ 13

ጸሐይወርቅ ከሥራ ስትመለስ በሩ ላይ ቆመች። አልገባችም።

«ምሕረቱ እኛ ሆስፒታል ነው ያለው። ኦክስጅን ላይ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«የገባው ትናንት ነው። ከታመመ ግን ከሳምንት በላይ ሆኖታል። ሚስቱንም ይዟታል፣ በለጥሽ ቤት ናት። ያን ሁሉ ዕቃ ከአጥሩ ሥር የምታስገባው ማን መስሎህ ነው?»

የዚያን ቀን ስልክ... ማፈር አልነበረም። አየር ነው ያጠረው።

የስፒከር ሽቦ ሲላላ ከሌላ ክፍል ሆኜ እለያለሁ ባይ ነኝ። ትንፋሽ ያጠረውን ሰው ግን በጆሮዬ ላይ ይዤ...

ሰኔ 14

ግሩፑ ላይ «የታመመ ሰው ቤት ዕቃ አትመልሱ» ብዬ ጻፍኩ። ስሙን የማላውቀው አንድ ሰው «ዶክተር፣ የጀመርከው አንተ አይደለህ እንዴ?» ሲል መለሰ። ብዙ ሰው አውራ ጣት አደረገበት።

ፀጋዬ ብቻውን ሄዶ የቀረውን ዕቃ ለበለጥሽ ወደ ውስጥ አስገባላት። በጓንት። ለኔ አልነገረኝም፣ ለጸሐይወርቅ ነው የነገራት።

ሰኔ 21

ምሕረቱ ሞተ። ጎሕ ሲቀድ። ጸሐይወርቅ ነገረችኝና የሥራ ልብሷን ልታጥብ ገባች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኔ 24

ቀብሩን በዙም ተከታተልኩ። መቃብር የሚገባው ሰው ቁጥር ተወስኗል፤ የኔን ስም ማንም አላስገባውም። ማን ያስገባዋል?

ድምፁ አይረባም ነበር። የፓስተሩ ጸሎት ይቆራረጣል። ማይኩን ያልዘጋ ሰው ቤት ሕፃን ያለቅሳል። መዝሙሩ ሲጀመር ሁሉም በየቤቱ ዘመረ፣ እየተቀዳደመ፣ እየተደራረበ፣ ምንም ቃል አይለይም። ምሕረቱ ቢኖር ሁለት ኬብል ይዞ ይመጣ ነበር... በለጥሽ ከስክሪኑ ጥግ ላይ ታየች። ብቻዋን ወንበር ላይ። እሷ ዘንድ የተቀመጠ ሰው የለም። ባሏ ስንት ለቅሶ ቤት ተኝቷል?

ሐምሌ 8

የአገሩ የቀድሞ ፕሬዚዳንት ታሰረ ተብሎ ሁከት ተነሥቶ ከተማው ተቃጥሏል። ሱቅ ይዘረፋል። ጀፕ ዝግ ነው። ፀጋዬ ዕቃውን በሌሊት አሽሽቶ ቤቱ ተቀምጧል። «ብርድ ልብስ ለሚበርደው ቢደርስ ምን አለበት» ብሎ ቀለደ። ድምፁ አይቀልድም።

ማታ በለጥሽ ደወለች። ይህ ሁከት ሲበርድ እቤቴ ና አለችኝ። ሌላ አላለችም። እርግማን እየጠበቅኩ ነው።

ሐምሌ 17

ሄድኩ። ማስኬን አጥብቄ። ሳሎኑ፣ ኮሪደሩ፣ መኝታ ቤቱ በር ድረስ ካርቶን ነው። እሷ ከስታ ግማሽ ሆናለች። ሳሉ አሁንም አለቀቃትም።

«በለጥሽ፣ እኔ...»

«ዶክተር፣ ለሱ አልጠራሁህም። ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ።

«ቤቱን በወሩ መጨረሻ እለቃለሁ። አገር ቤት፣ ሆሳዕና፣ እናቴ ዘንድ ነው የምገባው። ይሄ ካልተሸጠ መነሻ የለኝም። አሁን ማንም ከዚህ ቤት አይገዛም። ለምን እንደማይገዛ አንተ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«ይዋሽ ነበር። እኔም 'ተው' እለው ነበር። 'በለጥሽ፣ ውሸት አይደለም፣ ሰው ብቻውን መወሰን ይፈራል፣ ድፍረት ነው የማበድረው' ይለኛል። ጌታ ይፍረደው። እኔ አልዋሽም። ቤተ ክርስቲያን የምሄድ ሴት ነኝ። አንተም አትዋሽም፤ በዚሁ አይደል ያጋለጥከው? እንግዲህ እያንዳንዱን ስማና እውነቱን ጻፍልኝ። ጥሩውን ጥሩ፣ መጥፎውን መጥፎ በል።»

እንዲህ ያለ ፍርድ ከየት አመጣችው?

ሐምሌ 22

አምስት ቀን ሆነኝ እዚያ ቤት ስውል። በለጥሽ ሌላው ክፍል ትተኛለች፣ እኔ እየከፈትኩ እሰማለሁ። መብራት በየፈረቃው ሲጠፋ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።

ሁለት አምፕ ውስጣቸው ተነካክቷል፣ አይረቡም። አንድ ማጫወቻ ይንቀጠቀጣል። የቀረው... የቀረው ጥሩ ነው። የዴንማርኩ እኔ ቤት ካለው ይበልጣል። አንድ ቀን ሙሉ ሰማሁት፣ ለካሁት፣ መልሼ ሰማሁት። ከፍቼ ብሰማው የምለውን ነው ምሕረቱ በኔ ስም ያለው። ግን አላስከፈተኝም። ይህ ያናድደኛል፣ ዛሬም! አስቀድሞ ቢያሰማኝ ኖሮ ምን ነበረበት?

ሁሉንም ጻፍኩ። ጉድለቱን ከነጉድለቱ። ግሩፑ ላይ አወጣሁት።

ሐምሌ 26

የሚገዛ የለም። አንድ ሰው ብቻ ጠየቀ፤ «ይሄኛውን ማን ወስዶት ያውቃል?» «ማንም» አልኩ። ጠፋ።

ፀጋዬ አነበበው። «እውነት ነው የጻፍከው፣ ግን ሰው የለበትም ዶክተሬ። ሐኪም ቤት ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ነው የሚመስለው።»

በለጥሽ ልብሷን በሻንጣ ማድረግ ጀምራለች። 

ሐምሌ 30

ዛሬ አማረች የምትባል ደወለች። ፕሪቶሪያ የጥርስ ሐኪም ናት። ግሩፑ ውስጥ የለችበትም፤ ጽሑፌን ሰው አሳይቷት ነው። ስለ ትልልቆቹ ስፒከሮች ጠየቀችኝ። በለጥሽ እዚያው ክፍል ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ካርቶን በፕላስተር ታሽግ ነበር። ስልኩ ጮክ ብሏል፣ ትሰማለች።

ስለ ባሱ ነገርኳት። ስለ ክፍል ስፋት። ከግድግዳ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት።

«ኦነስትሊ ዶክተር፣ እሱ አይገባኝም» አለች። «ጋሼ ምሕረቱ ነው የመጀመሪያ ስፒከሬን ያመጣልኝ። አርአይፒ፣ ነፍሱን ይማር። እሱ ስለነዚህ ምን ይል ነበር?»

አላውቅም። ስለነዚያ ስፒከሮች ከምሕረቱ አፍ አንድ ቃል ሰምቼ አላውቅም። አላውቅም ማለት ምን ይከብዳል? ሁለት ቃል እንኳ አይደለም።

«ለራሱ ያስቀራቸው ናቸው» አልኳት። «ማታ ማታ በነሱ ነበር የሚሰማው።»

«ሲሪየስሊ? ኦ ማይ ጋድ... እንደዛ ከሆነማ ያዝልኝ። ነገ የሚጭን ባኪ መኪና እልካለሁ።»

ዘጋሁት። ምሕረቱ ማታ ከዜና ሌላ ሰምቶ አያውቅም፤ ጆሮዬ ይደክማል ይል ነበር። ሚስቱ ይህን ታውቃለች። ፕላስተሩን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ። እንድትናገር ጠበቅኩ። ብትናገር መልሼ እደውል ነበር... እደውል ነበር?

ተነሣችና ለስፒከሮቹ የሚበቃ ካርቶን መፈለግ ጀመረች።

ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው ደወለ፣ የዴንማርኩን አምፕ ፈልጎ። ማን ሰምቶታል ብሎ አልጠየቀኝም። ራሴ ቀድሜ «ምሕረቱ ሰምቶታል» አልኩት።